ከአሸዋው ወንዝ ማዶ ያለ ዱቄት

ጂንካ ላይ ዝናብ ከመውረዱ በፊት አንድ አፍታ ሁሉም ነገር ዝም ይላል። ወፎቹ ይደበቃሉ፣ የባጃጆቹ ድምፅ ይርቃል፣ አየሩ ከባድ ይሆናል። በዚያች አፍታ አሰገደች የያዘችውን ሁሉ ታስቀምጣለች። ዱቄት እየመዘነች ከሆነ ሚዛኑን ትታ፣ ሰው እያነጋገረች ከሆነ ንግግሯን መሃል ላይ አቋርጣ፣ ፊቷን ወደ ቀይ አፈር መንገድ ታዞራለች። ክላክስ ትሰማለች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ያንን ክላክስ ያደርግ የነበረው ሰው ከሞተ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

ደርግ በወደቀበት ዓመት አሰገደች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ደመወዝ ሲቆም በቤታቸው ግንባር ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ታላቅ ወንድሟ ወንድይፍራው አይሱዙ መንዳት ተማረ። እሷ ጂንካ ላይ ታስጭናለች፣ እሱ ጨውና ዱቄት፣ ሳሙናና ክብሪት ይዞ ወደ ዲመካ፣ አንዳንዴም እስከ ኦሞራቴ ይወርዳል። ሲመለስ ገና የድሮው አየር ማረፊያ ሣር ጋ ሳይደርስ ያንን ክላክስ ያደርጋል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ውኃ አሙቂ ማለቱ ነበር።

ከዲመካ አለፍ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ወደ መንደሮቹ የሚገነጠለውን መንገድ የሚቆርጥ አንድ የአሸዋ ወንዝ አለ። በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የለውም። ከብቶች መሃሉ ላይ ይተኛሉ፣ ሴቶች አሸዋውን በእጃቸው ቆፍረው ውኃ ይቀዳሉ። እኔ ራሴ ሳየው ወንዝ ነው ቢሉኝ አላመንኩም፤ ሰፊና ነጭ፣ የተነጠፈ የሚመስል አሸዋ ብቻ ነበር። ዝናቡ ግን የሚዘንበው ሌላ ቦታ ነው፤ ሩቅ ተራራ ላይ። አንተ ፀሐይ ላይ ቆመህ ሳለ ወንዙ ከማታየው ዝናብ ይመጣብሃል።

በ1990 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዝናቡ ልክ አጣ። ከወንዙ ማዶ ያሉት መንደሮች ዘጠኝ ቀን እህል አልደረሳቸውም። ወንድይፍራው መኪናውን ጭኖ ሄደ። ወንዙ ዳር ሲደርስ ውኃው ከጉልበት አያልፍም ነበር። ማዶ ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ከመሃላቸው አንድ ጎልማሳ ነጠላ ጨርቁን ከትከሻው አውርዶ ከራሱ በላይ አውለበለበ፤ ና፣ ና እያለ። ወንድይፍራው ክላክሱን አደረገና ገባ።

መኪናውን ከሳምንት በኋላ ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ታች በጎኑ ተኝቶ፣ አሸዋ ሞልቶት አገኙት። ወንድይፍራውን አሸዋው አልመለሰውም። አልተቀበረም፤ ስለዚህ ለአሰገደች የትም ሊሆን ይችላል። የስምንት ወር ልጁ እዮብ ቀረ። እናቱ ሌላ አግብታ ከአገር ስትወጣ ልጁ አሰገደች ዘንድ ሆነ፣ የእሷው ልጅ ሆኖ አደገ።

ከአርባው በኋላ አንድ የሐመር ሰው ፍየል እየጎተተ በእግሩ ጂንካ ገባ። የአሰገደችን ቤት ጠይቆ መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ስሙ ዶላሞ ነበር። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እስከ ዛሬም አይለይም።

«አንተ የሹፌሩ እህት ነህ?» አለ።

«ነኝ።»

«የጠራሁት እኔ ነኝ። በዚህ እጅ።»

ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳያት፤ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ። አሰገደች ልትጮህበት ስትል እናቷ ከውስጥ «ውኃ ስጪው፣ ከሩቅ ነው የመጣው» አለች። ሰጠችው። ጠጣና ቤል እንሁን አላት።

ቤል በሐመሮች ዘንድ ከሌላ ሕዝብ ሰው ጋር የሚታሰር ወዳጅነት ነው። ቤትህ ቤቱ፣ ከብትህ ከብቱ፣ ሞትህ ሞቱ ነው፤ ልጅም ይወርሰዋል። እሱ ፍየሉን ሰጣት፣ እሷ ጨው ሰጠችው። ሊሄድ ሲነሳ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ዱቄቱን ከዝናብ በፊት እኔ ቤት አስቀምጥ። ዱቄት ማዶ ካለ ማንም እጁን አያነሳም።»

የአሰገደች ንግድ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዞረው በዚህች ቃል ላይ ነው። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ ከበልጉና ከጥቅምቱ ዝናብ በፊት፣ ስልሳ ኬሻ ዱቄት የአሸዋውን ወንዝ በደረቁ ተሻግሮ ዶላሞ በግንድ ላይ ከፍ አድርጎ በሠራው ጎተራ ይቀመጣል። ዝናብ መንገዱን ሲዘጋ መንደሮቹ ከዚያ ይወስዳሉ። በሃና ከተማም በኩል፣ ከማጎ ፓርክ ወዲያ፣ እንዲሁ የምታስቀምጥበት ሰው ነበራት። የገበያው ነጋዴዎች ይቀልዱባት ነበር።

«እት አሰገደች፣ ዱቄትሽ ዘንድሮም ሽርሽር ሄደ?»

«ሄደ። ቆላ ይስማማዋል።»

«በእኛም ዱቄት በኩል ሰላም በይልን።»

ትስቃለች። እውነተኛውን ምክንያት ግን ለማንም አልተናገረችም። እዮብ አድጎ አስተማሪ ይሁን ብላ ኮሌጅ አስገባችው፤ በሁለተኛው ዓመት ትቶ መንጃ ፈቃድ ይዞ መጣ። ደም ነው አሉ ሰዎች። ለመነችው፣ ተቆጣችው፤ በመጨረሻ መኪናዋን ሌላ ሰው ከሚነዳው እሱ ይንዳው ብላ ቁልፉን ሰጠችው። ያ ስልሳ ኬሻ ለእሷ በእዮብ ዙሪያ የታጠረ አጥር ነበር። ማዶ ዱቄት እስካለ ድረስ ዝናብ ሲዘንብ እዮብን የሚጠራው የለም።

ከዚያ ከተማዋ ብልህ ልትሆን ተነሳች።

ይህን ስል አላሾፍም። በ2016 ዓ.ም. በጂንካ ጎዳናዎች ላይ በፀሐይ የሚበሩ መብራቶች ሲተከሉ፣ መሸት ሲል አንድ በአንድ ማንም ሳይነካቸው ሲበሩ፣ ቆመው ካዩት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። «ስማርት ከተማ» ከተባለው አዲስ ፕሮጀክት ሥራ አንዱ የጅምላ ነጋዴው ዕቃ ሁሉ በከተማዋ ዳር በተሠራ አንድ ማዕከላዊ መጋዘን እንዲገባ ማድረግ ነበር። እያንዳንዱ ኬሻ ኮድ ይለጠፍበታል፤ የሚወጣውም በስልክ በሚመጣ ፈቃድ ነው። አይጥ የለም፣ ሌባ የለም። የአሰገደች ልጅ ሳምሪ፣ በኮምፒውተር ተመርቃ በዚያው ሥራ የተቀጠረችው፣ አንድ ቀን ስልኳን ለእናቷ አሳየቻት። የከተማዋ ዱቄት በሙሉ በአንድ ቁጥር ሆኖ ይታያል። አሰገደች ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

«ይኼ ሁሉ ሰው ዘንድሮ አይራብም ማለት ነው?»

«እሱን ማለት ነው እማ። ግን ያንቺ ስልሳ ኬሻ እዚህ ውስጥ የለም።»

«ዶላሞ ቤት አለ።»

«ዶላሞ ሲስተም ውስጥ የለም።»

«ዶላሞ ሲስተም ሳይኖር ነበረ።»

«አውቃለሁ። ግን ተቆጣጣሪ ሲመጣ ምን ብዬ ልጻፍ? ሲስተም ላይ የሌለ ዕቃ የተደበቀ ዕቃ ነው የሚባለው። የቤት ቁጥር የለው፣ ካርታ ላይ የለ። ንግድ ፈቃድሽ አይታደስም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ እማ፣ ዘመኑ ሌላ ነው። ዋናው መንገድ ጥሩ ነው፣ ስልክ አለ። ሲያልቅባቸው ይደውላሉ፣ እዮብ በግማሽ ቀን ያደርሳል። ለምን ስድስት ወር ሙሉ ዱቄት እዚያ ይቀመጣል?»

ሳምሪ እውነቷን ነበር። ስሌቱ አንድም ቦታ ስህተት አልነበረበትም። ስህተቱ አሰገደች ያልነገረቻት ነገር ላይ ነበር። ልጇ የምታውቀው አጎቷ በመኪና አደጋ መሞቱን እንጂ ማን እንደጠራው፣ አጥሩም ከምን እንደተሠራ አልነበረም። ያኔ መንገር ነበረባት። አልነገረችም። ሃያ ስድስት ዓመት የተዋጠ ነገር በአንድ ከሰዓት አይወጣም።

የካቲት ላይ እዮብ ሄዶ ስልሳውን ኬሻ መልሶ ጭኖ መጣ። ዶላሞ አርጅቷል፤ ሆኖም ሲጭኑ አገዘ። ጎተራው ባዶ ሲሆን እዮብን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው።

«ዝናቡ ያውቃል?»

«ምኑን አባባ?»

«ዱቄቱን መውሰድህን።»

እዮብ ይህንን ቤት መጥቶ እየሳቀ አወራው። ሳምሪም ሳቀች። አሰገደች ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች።

ሚያዝያ ውስጥ አራት ቀን ያለ ማቋረጥ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ከረፋዱ የአሰገደች ስልክ ጮኸ። ዶላሞ ነበር፤ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቶ።

«አንተ አሰገደች። ቤት ፈርሷል። ሰው እኔ ጋ መጥቷል፣ ሕፃን አለ። ጎተራው ባዶ ነው።»

«እልካለሁ ዶላሞ። አሁን...»

«ስማ። እኔ አልጠራሁም። ነገርኩህ እንጂ አልጠራሁም። አልጠራሁም...»

መስመሩ ተቋረጠ። ያን ቀን በከተማዋ መብራትም፣ ኔትወርክም ሄደ።

አሰገደች ወደ መጋዘኑ ሮጠች። ጥበቃው የሚያውቃት ሰው ነው፤ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ተቀበላት።

«እት አሰገደች፣ ፈቃዱ በስልክ ካልመጣ በሩ አይከፈትም።»

«ቁልፉን አምጣ፣ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።»

«ቁልፍ ቢኖረውማ እኔ ራሴ እከፍትልሽ ነበር። እይው እስቲ፤ ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ አለው?»

አልነበረውም። ለስላሳ፣ ግራጫ በር ነበር። በእጇ ዳበሰችው። የከተማዋ ዱቄት በሙሉ ከበሩ ጀርባ ነበር፤ ደረቅ፣ አይጥ ያልነካው።

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ሳምሪ ከአንዱ ኃላፊ ወደ ሌላው በጭቃ ስትመላለስ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዛ መጣች፤ ከኋላዋ አንድ የብየዳ ሠራተኛ ጄኔሬተር እየገፋ። በሩን ከማጠፊያው ቆረጠው። ሳምሪ ታለቅስ ነበር፤ እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም። እዮብ ስልሳ ኬሻ ጫነ። ሞተሩን ሲያስነሳ የጋቢናው በር ተከፈተና አሰገደች ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?»

«አብሬህ።»

«መንገዱ ያንገላታሻል።»

«ንዳ።»

ወንዙ ዳር ሲደርሱ እነሱ ያሉበት ሰማይ ጠርቶ ነበር። ሩቅ፣ በተራሮቹ ላይ ግን ጥቁር ነገር ተንጠልጥሏል። እዮብ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ዱላ ይዞ ቡናማው ውኃ ውስጥ ገባ። እየሳቀ ተመለሰ።

«ከጉልበት አያልፍም።»

አሰገደች ወደ ማዶ ዞረች። ማዶ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። ሴቶቹ ሕፃናት ታቅፈዋል። ከፊታቸው ዶላሞ ነበር፤ ከሩቅም በአቋሙ ለየችው። እዮብ መሪው ላይ ተቀመጠና መምጣቱን ሊያሳውቃቸው ክላክሱን ነካ።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

«ማን አስተማረህ?» አለች።

«ምኑን?»

«እሱን። ክላክሱን እንደዚያ አድርገህ መንካት።»

«እንጃ። እጄ ነው።» ከዚያ ፊቷን አየና «ምን ሆነሻል እትዬ?» አላት።

ስለዚያ ክላክስ ለማንም ተናግራ አታውቅም። አሁን ግን ነገረችው፤ ሞተሩ እየሠራ፣ በጥቂት ቃል። ጉልበት የማያልፈውን ውኃ፣ ማዶ የተውለበለበውን ጨርቅ፣ ያወለበለበውን እጅ። እዮብ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«እኔ አባቴን አይደለሁም» አለ።

«አባትህም እንዲህ የሚል ሰው ነበር።»

«እትዬ፣ ሕፃናቱን እያቸው። ሦስት ቀን ሆናቸው። እዚህ ተቀምጬ ልያቸው?»

አሰገደች ማርሹ ላይ እጇን አኖረች። እዮብ እንደ አሮጊት እጅ በቀስታ አንስቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት፤ ማርሽ አስገባ። የፊት ጎማዎቹ ውኃውን ነኩ።

ያኔ ማዶ ዶላሞ ሁለት እጆቹን በብብቶቹ ሥር ከተተ። አጥብቆ፣ እንደሚበርደው ሰው። ከዚያ ዞረ። ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንድ ነገር ተናገረ፤ ከዚህ አልተሰማም። አጠገቡ የነበረው ሰው ዞሮ ተቀመጠ። ከዚያ ሌላው። ሴቶቹም ሕፃናቱን እንደታቀፉ አንድ በአንድ ዞረው ተቀመጡ። አንዲት ሴት ብቻ አንገቷን መልሳ መኪናውን አየች፤ ዶላሞ ተናገራት፣ እሷም ዞረች። ማዶ ፊት ጠፋ። ሠላሳ ጀርባ ብቻ ቀረ።

እዮብ እግሩ ፍሬን ላይ እንዳለ አፍጥጦ ቀረ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ማንም እንዳልጠራህ እየነገሩህ ነው» አለች አሰገደች።

ሞተሩን አጠፋው። ምን ያህል እንደተቀመጡ አያውቁም። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ የብዙ ከብት ኮቴ የሚመስል። እዮብ ሞተሩን አስነስቶ መኪናውን ወደ ኋላ መለሰው። ከዚያ ውኃው እንደ ቆመ ግድግዳ መጣ፤ ከሥሩ ያልነቀለው ነገር የለም፣ አንድ ሙሉ ግራር ቆሞ እየሄደ አለፈ፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ። ጎማው ቅድም በነበረበት ቦታ ላይ አረፋ ነበር። ማዶ ያሉት ሰዎች በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንኳ አንድም ሰው ዞሮ አላየም።

ወንዙ የጎደለው በሁለተኛው ቀን ነው። እስከዚያ ማዶ ያሉት ለዘር ያስቀመጡትን ማሽላ በሉ፣ ፍየል አረዱ። እዮብ ሲሻገር ዶላሞ ዳሩ ላይ ቆሞ ነበር። አሰገደች ከጋቢናው ወርዳ ስንት ሰው እንዳለ ጠየቀችው።

«አንድ ጎድሏል» አለ። «ሰባት ወሯ ነበር። ትናንት።»

ጎተራው ሥር አብረው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሊጥል ሲል አሰገደች የምትሰማው ክላክሱን ብቻ አይደለም። ሌላው ምን እንደሚመስል ጠይቄያት ነበር። ራሷን ነቀነቀች።

ሳምሪ እናቷ ስትመለስ ሁሉንም ሰማች። ወሩን ሙሉ ስብሰባ ላይ ስትከራከር ቆየች፤ በሙከራ መልክ ነው ተብሎ በቅጹ ላይ «ከወንዝ ማዶ» የሚል አንድ መስመር ተጨመረ። መስከረም ላይ ራሷ ስልኳን ይዛ ዶላሞ ጎተራ ድረስ ሄደች። የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ «ዶላሞ» ብላ ጻፈች። የካርታውን ምልክት ስትጫን ግን ሲግናሉ ደካማ ነበርና ነጥቡ ጎተራው ላይ አላረፈም፤ ወንዙ መሃል፣ አሸዋው ላይ ወደቀ። ማታ ለእናቷ አሳየቻት። በነጩ አሸዋ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ተሳስቷል እማ። ነገ አስተካክለዋለሁ።»

አሰገደች ስልኩን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ወንድይፍራው የት እንደሆነ አታውቅም ነበር።

«ተይው» አለች። «እዚያ የሚጠብቅ አለ።»

በማግስቱ እዮብ ስልሳ ኬሻ ጭኖ በደረቁ አሸዋ ተሻገረ። ሰማዩ ንጹሕ ነበር፣ በተራሮቹም ላይ ደመና አልነበረም፣ ከብቶች ወንዙ መሃል ተኝተው ነበር። ክላክሱን አልነካም። ማዶ ዶላሞ ሁለት እጆቹን በብብቶቹ ሥር ከትቶ ቆሟል። የኋላው ጎማ ከአሸዋው እስኪወጣ ድረስ አላወጣቸውም።